ለቫዮሊን ውድድር የመጀመሪያ ዙር ቪዲዮ፦ ደብረ ማርቆስ ሆኜ እንዴት ላዘጋጅ?

ቲቲ_ማርቆስ

ሰላም ታላላቆቼ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ 17 አመቴ ነው፣ ቫዮሊን የጀመርኩት ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ያስተማረኝ መምህር ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የጨረሰ ነው፣ አሁን አዲስ አበባ ስለገባ ትምህርቱን የምንቀጥለው በቴሌግራም ነው፣ እሱም ኔት ሲኖር ማለት ነው። ውጭ ሀገር ለወጣቶች የሚዘጋጅ የቫዮሊን የቪዮላና የቼሎ ውድድር አግኝቼ ልመዘገብ ወስኛለሁ፣ ቤተሰብም ተስማምቷል። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ በቪዲዮ ነው የሚዳኘው።

የሚጠይቁት እንዲህ ነው፦ ከባኽ የብቻ ቫዮሊን ሶናታና ፓርቲታዎች አንድ ዝግ ያለና አንድ ፈጣን ሙቭመንት (የስራው አንድ ክፍል)፣ አንድ ኤቲውድ ወይም ካፕሪስ (የእጅ ብቃት የሚያሳይ አጭር ስራ)፣ ከዛ ደግሞ የክላሲካል ዘመን ኮንቸርቶ (ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ስራ) የመጀመሪያው ሙቭመንት። እያንዳንዱ ሳይቆረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ መቀረፅ አለበት፣ ኤዲት ከተደረገ ውጪ ነው ይላል፣ ፊትና ሁለቱም እጆች መታየት አለባቸው፣ ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ ነው። ማብቂያው ኖቬምበር 15 በመካከለኛው አውሮፓ ሰአት 23:59 ነው።

ከባኽ ያጠናሁት የጂ ማይነር ሶናታ አዳጆና ፕሬስቶ አለ፣ ከዲ ማይነር ፓርቲታ ደግሞ ሳራባንዱና ጂጉ አለ፣ በሁለቱም የመጀመሪያው ዝግ ያለው ሁለተኛው ፈጣኑ ነው፣ የቱን ልምረጥ? ኮንቸርቶው የሞዛርት ቁጥር 3 ነው። ኤቲውድ ከክሮይትዘር የኤቲውድ መጽሐፍ አሉኝ ግን ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሁሉ የፓጋኒኒን ካፕሪስ ነው የሚልኩት ብለውኝ ተጨንቄያለሁ፣ 16ኛውን ካፕሪስ ጀምሬው ነበር። ፒያኖ የሚያጅበኝ ሰው ማርቆስ ውስጥ አላገኘሁም። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ መንገድ ዳር ስለሆነ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ አያቋርጥም፣ ዝናቡም ገና አልወጣም። መቅረጫ ያለኝ የአጎቴ ሳምሰንግ ስልክ ነው። ባኽ ላይ ሪፒቶቹን (ሁለቴ የሚደገሙትን ክፍሎች) ልጫወት ወይስ ልዝለል የሚለውም አልገባኝም። የምታውቁ በእግዜር ንገሩኝ።

ቫዮሊን_ባህርዳር

እህቴ ቲቲ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ከማርቆስ እንዲህ አይነት ጥያቄ ሲመጣ ማየቴ ልቤን ነው ያሞቀው። እኔም ያሬድ ነው የተማርኩት አሁን ባህር ዳር ልጆች አስተምራለሁ። ጊዜሽ በቂ ነው ግን ትርፍ የለውም ስለዚ የመረጣውን ነገር በዚህ ሳምንት ጨርሺው፣ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያቃጥለው ልምምድ ላይ ሳይሆን ይሄን ልላክ ያንን ልላክ እያለ ነው።

መጀመሪያ ፓጋኒኒውን እንነጋገርበት። 24ቱ ካፕሪሶች በ1820 ከታተሙ ጀምሮ የቫዮሊን መፈተኛ ሆነው ነው የኖሩት፣ ማንም ሰው ስማቸውን ሲሰማ ያከብራቸዋል፣ ግን ዳኛ የሚሰማው ስሙን አይደለም ድምፁን ነው። 16ኛው ድርብ ኖታ (ሁለት ክር ባንዴ የሚመታበት) ስለሌለው ቀላል ይመስላል፣ ፕሬስቶ ነው፣ ክር ከክር መዝለሉ ላይ ቀኝ እጅ ትንሽ ከተዛነፈ ሁሉም ነገር ይሰማል። "ጀምሬው ነበር" ያልሽውን ነገር በሁለት ወር ውስጥ ለዳኛ አታቅርቢ። ህጉ ኤቲውድ ወይም ካፕሪስ ካለ ክሮይትዘር ሙሉ መብት አለው፣ ከ42ቱ ውስጥ ግን ሁለተኛውን ሁሉም ጀማሪ የሚያውቀውን አትላኪ፣ ከኋላ ካሉት ደብል ስቶፕ (ድርብ ኖታ) ያለበትን አንዱን በንፁህ ኢንቶኔሽን (ኖታው ከፍ ዝቅ ሳይል በልኩ) ብትልኪ ብዙ ይናገርልሻል።

ባኽ ላይ የኔ ሀሳብ ሳራባንዱና ጂጉ ነው። የጂ ማይነሩ አዳጆ በጣም ቆንጆ ነው ግን አታላይ ነው፣ በኮርዶቹ (አብረው በሚመቱት ኖታዎች) መሀል ያሉት ጥቃቅን ኖታዎች ጌጥ ስለሚመስሉ ተማሪ ምቱን ይጥለዋል፣ አንዴ ምቱ ከጠፋ ደግሞ የሚሰማው ሰው የት እንዳለሽ አያውቅም። ሳራባንድ ግን ዳንስ ነው፣ በሶስት ምት ሁለተኛዋ ምት ላይ ክብደት አላት፣ ያቺን ሁለተኛ ምት ከያዝሽ ቀሪው ይከተላል። የጂጉ ምት 12/8 ነው፣ አትሩጪበት። ሪፒት ላይ ህጉ ምንም ካላለ ኢሜይል ጽፈሽ ጠይቂ በግምት አትሂጂ፣ ብዙ ጊዜ ለቀረጻ ዙር ያለ ሪፒት ይበቃል ይላሉ ግን የናንተው ምን እንደሚል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ኢንቶኔሽን ላይ አንድ ነገር በደንብ ልንገርሽ ምክንያቱም ቀረጻ ላይ መደበቂያ የለም። ኤ ክር ላይ በመጀመሪያ ፖዚሽን ሶስተኛ ጣትሽን ስታስቀምጪ ዲ ነው የሚወጣው አይደል፣ በትክክል ከገባ ክፍቱ ዲ ክር ሳትነኪው አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ በአይንሽም ታይዋለሽ በጆሮሽም ቫዮሊኑ ሲከፈት ትሰሚዋለሽ። ጣትሽን ለጥቂት ብታዛንፊው መንቀጥቀጡ ይሞታል። ዲ ክር ላይ ሶስተኛ ጣት ጂ ነው ከክፍቱ ጂ ጋር፣ ኢ ክር ላይ ኤ ነው ከክፍቱ ኤ ጋር። ሳራባንዱን በጣም በዝግታ ያለ ቪብራቶ (ጣትሽን ክሩ ላይ ሳታወዛውዢ) እየተጫወትሽ እነዚህ ኖታዎች በመጡ ቁጥር ቆም ብለሽ ክሩ ሲመልስልሽ ስሚ። ቲዩነር አፕ ላይ አፍጥጦ ከመዋል ይሄ ይበልጣል፣ አፑ ክፍቱን ኤ ክር በ440 ለመቃኘት ብቻ ይሁንልሽ።

ሞዛርት ደግሞ፣ ያው ቁጥር 3 ጂ ሜጀር በ1775 ሳልዝበርግ እያለ በ19 አመቱ የጻፈው ነው፣ ካዴንዛውን (ኦርኬስትራው ቆሞ ቫዮሊኑ ብቻውን የሚጫወተውን ክፍል) ግን ሞዛርት ጽፎ ያስቀመጠው የለም፣ ስለዚ የታተሙ የሌሎች ካዴንዛዎች ናቸው የሚጫወቱት። ካዴንዛ ይካተት አይካተት የሚለውንም በዛው ኢሜይል ጠይቂ። ፒያኖ ከሌለ ያለ አጃቢ ይቀበላሉ ወይ የሚለውን ጠይቂ፣ ከተቀበሉ የኦርኬስትራውን መግቢያ ሳትጠብቂ ከቫዮሊኑ መግቢያ ትጀምሪያለሽ፣ መሀል ላይ ያለውን ረጅም የኦርኬስትራ ክፍል ደግሞ ታሳጥሪዋለሽ። ከዩቲዩብ የወረደ አጃቢ ሙዚቃ ከኋላ ከፍተሽ እንዳትጫወቺ፣ እነሱ ፈቅደው ካልጻፉልሽ በስተቀር። የተቀዳው አይጠብቅሽም፣ ሀረጉን መተንፈስ አትችዪም፣ ስልክሽ ደግሞ ሁለቱን ድምፅ አጨማልቆ ነው የሚይዘው።

ድምፅ_ፍኖተሰላም

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም ፍኖተ ሰላም ሰርግና መዝሙር የምቀርፅ ባለሙያ ነኝ፣ ኖታውን ለመምህሩ ትቼ በድምፁ በኩል ያለውን ልበል።

እታለም፣ ቤትሽ ውስጥ አትቅረጪ። ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ይቅርና ፀሀይ ሲያሞቀው ራሱ ጠጭ ጠጭ ይላል፣ አንቺ ለምደሽው አትሰሚውም ማይኩ ግን ይሰማዋል። የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ቤተ መጻህፍት፣ ካልሆነ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሰው የሌለበት ክፍል ፈልጊ። ባዶ የብሎኬት አዳራሽ ደግሞ ድምፁን ያስተጋባዋል፣ ፈጣኑን ነገር ስትጫወቺ ኖታው ኖታ ላይ እየተደራረበ ይጨማለቃል። አንዴ አጨብጭቢና አዳምጪ፣ ጭብጨባው ቆይቶ ከተመለሰ መጋረጃ ያለበት ጥግ ሂጂ፣ ወይ ደግሞ ከስልኩ ጀርባና ከጎንሽ ባሉት ግድግዳዎች ላይ ሁለት ሶስት ጋቢ ስቀዪ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፊ። ግን ሁሉንም አትሸፍኚው፣ ጨርሶ ከታፈነ ቫዮሊኑ ይደርቃል፣ እንደ ሳጥን ውስጥ ይሆናል።

የስልኩ ቦታ ነው ዋናው። ብዙ ሰው ስልኩን አፍንጫው ስር አስቀምጦ ይቀርፃል፣ ያኔ የቦውው (ክሩን የሚያሸው ዘንግ) ፍጭትና ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ሶስት ሜትር አርቂው፣ ከፍታው ደረትሽን አለፍ ይበል፣ በትሪፖድ ካልሆነ በመጻህፍት ክምር ላይ ጠበቅ አድርገሽ። የቫዮሊኑ ቀዳዳዎች ድምፁን የሚያወጡት ወደ ቀኝሽ በኩል ነው፣ ስለዚ ስልኩ ከፊትሽ ትንሽ ወደ ቀኝሽ አጋድሎ ቢቀመጥ ድምፁም ይገባል ግራ እጅሽም አይደበቅም። ከመጀመርሽ በፊት የሁለት ደቂቃ ሙከራ ቀርፀሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፣ ከዛ ስልኩን ግማሽ ሜትር አንቀሳቅሰሽ ድገሚ፣ ልዩነቱን ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

ሌላው ስልክ ድምፅ ሲቀንስበት ራሱ ይጨምራል ሲበዛበት ይጨፈልቃል፣ ለወሬ ነው የተሰራው። አንቺ ቀስ ብለሽ የተጫወትሽውም ጮክ ያልሽውም እኩል ሆኖ ይወጣል፣ ያ ደግሞ ልፋትሽን ነው የሚበላው። ስልኩ ላይ የድምፅ መጠን በእጅ የሚስተካከልበት ሴቲንግ ካለ ወይም እንደዛ የሚያደርግ የካሜራ አፕ ካገኘሽ፣ ከሙዚቃሽ ሁሉ በጣም የሚጮኸውን ቦታ እየተጫወትሽ ቀይ ሳይነካ የሚቆምበት ላይ አስረሽ ተዪው። የድምፅ መቅጃ ዙም የሚባለውን ከሰው መዋስ ከቻልሽማ በጣም ጥሩ፣ ግን ድምፅ ለብቻ ተቀርፆ ከቪዲዮ ጋር መገጣጠም ህጉ ይፈቅዳል ወይ የሚለውን ቀድመሽ አረጋግጪ። ከፈቀደ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቢ፣ በሷ ነው የሚገጣጠመው።

በኋላ ላይ አፕ ከፍቶ ኢኮ መጨመር ምናምን የሚባል ነገር እንዳታስቢው፣ ኤዲት የለም ካሉ እሱም ኤዲት ነው።

ጊዜን በተመለከተ ማርቆስን አውቃታለሁ። ማታና ንጋት ጥሩ ይመስላል ግን ወቅቱ ጽጌ ነው፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ የእሁድ አጥቢያው ማኅሌት አለ፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ የት ድረስ እንደሚሰማ ታውቂዋለሽ። ጥቅምት 27 መድኃኔ ዓለም ነው በዛን ቀን አትቅጠሪ፣ 12 እና 21ም እንደዛው። ለኔ የሚሻለው የስራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰአት ተኩል እስከ 6 ሰአት ነው፣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲሆን። ዘበኛውን ለምኚና በሩ ላይ "ቀረጻ ላይ ነን" ብለሽ ወረቀት ለጥፊ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጊ፣ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ መብራት ይሄዳል ብለሽ አስቢና በመስኮት ብርሀን ቅረጪ፣ ብርሀኑ ከፊትሽ ይምጣ፣ መስኮቱ ከጀርባሽ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የምትሆኚው።

የመርጦለማርያም_ልጅ

እኔ ማሲንቆና ክራር ተጫዋች ነኝ ስለ ባኽ ከናንተ በላይ አላውቅም፣ ግን በሁለት ነገር ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንደኛው፣ ቲቲ ከኛ ሀገር ዜማ ጋር ካደግሽ እጅሽ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ እየተንሸራተተ የሚሄድበት ልማድ ይኖርሻል። ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን የሚነካው አየር ላይ ነው፣ ከስሩ የሚጫን እንጨት የለውም፣ ስለዚ መንሸራተቱ የመሳሪያው ባህሪ ነው፣ ትዝታ ላይ ያለሱ ምንም አይጥምም። ያ የኛ ሀብት ነው ማንም እንዲያሳፍርሽ አትፍቀጂ፣ ግን ሞዛርት ላይ ሳታስቢው ከገባ ዳኛው ጣትሽ መድረሻውን የፈለገ ነው የሚመስለው። እያወቅሽ ለይተሽ ያዢው፣ ፖዚሽን ስትቀይሪ እጅሽ ቀሎ ቶሎ ይድረስ።

ሁለተኛው በቃል መያዝ ነው። ሀገራችን ጎጃም የቅኔ ሀገር ነው፣ ዋሸራን ያህል ቦታ አለን፣ የዜማ ቤት ተማሪ ደግሞ የተማረውን የኔታ ፊት በቃሉ ነው የሚያሰማው፣ ሲስት ይታረማል ይመለሳል እንደገና ያሰማል። አንቺም እንደዛ አድርጊ። ኖታ ማቆሚያውን ፊትሽ አታቁሚ፣ እጅሽንም ይሸፍናል። በቃልሽ ለመያዝ ከመጨረሻው ጀምሪ፣ የመጨረሻውን ሀረግ፣ ከዛ ከሱ በፊት ያለውን ጨምረሽ እስከ መጨረሻ፣ እንደዛ እያልሽ ወደ ፊት ስትሄጂ ሁልጊዜ የምትጓዢው ወደምታውቂው ቦታ ስለሚሆን ልብሽ አይደነግጥም። ከዛ ሰው ፊት አሰሚ፣ እናትሽ ቡና ሲያፈሉ ጎረቤት ተሰብስቦ እያለ ቆመሽ ጀምሪና ሳታቋርጪ ጨርሺ፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ጠይቂና ተጫወቺ። ስልክ ብቻውን ፊትሽ ሲቆም ከመቶ ሰው ይልቅ ያስፈራል፣ የሚለመደውም ቀድሞ ሰው ፊት በመጫወት ነው።

አልቶ_ዳንግላ

ቲቲዬ እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ ቪዮላ ነው የምጫወተው፣ ለውጭ ውድድርም ለኦርኬስትራ ኦዲሽንም ደጋግሜ ቀረጻ ልኬ አውቃለሁ። ከላይ ያሉት ወንድሞቼ ጥሩ ጥሩውን ብለዋል ግን ባህር ዳር ካለው መምህር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፣ ሳራባንድና ጂግ ይቀላል ብለሽ ብቻ እንዳትመርጪ። አዳጆው ምት ያስጥላል ማለት እውነት ነው፣ ግን የሚድን ነገር ነው፣ በስምንተኛ ኖታ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ከፍተሽ ጥቃቅኖቹን በሙሉ በልኩ ተጫውተሽ ከዛ ነው ነፃ የምታወጪው። ፕሬስቶው ደግሞ አዳጆውን ተከትሎ ሲመጣ ዳኛው ሁለት የተለያየ ሰው የሰማ ያህል ነው የሚሆንለት። ስለዚ በግምት ሳይሆን በፈተና ምረጪ፦ ጠዋት ተነስተሽ ምንም ሳትሟሟቂ የመጀመሪያ ነገር አድርገሽ አራቱንም አንዳንዴ ቅረጪያቸው፣ ማታ አዳምጪ፣ ለመምህርሽም ላኪለት። ቀዝቃዛ እጅ ላይ የቆመው ነው የቀረጻው ቀን የሚቆመው። ይሄ ፈተና ጭካኔ አለው ግን አይዋሽም።

ክር ካረጀብሽ አሁን ለውጪ ቢዘገይ ከቀረጻው አስር ቀን በፊት፣ አዲስ ክር እስኪረጋ ድረስ እየወረደ ያስቸግራል፣ አንድ መለዋወጫ ኢ ክር ደግሞ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ክረምት አልፎ አየሩ ሲደርቅ ፔጎቹ (ክር መወጠሪያዎቹ) መንሸራተት ይጀምራሉ፣ የማርቆስ የጥቅምት ብርድ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ መሳሪያውን አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰአት ቀድመሽ ከሳጥኑ አውጥተሽ አስቀምጪው፣ አየሩን ይልመድ። እጅሽን በሞቀ ውሀ አሙቂ፣ ጓንት ያዢ። ሮዚን (ቦውው ላይ የሚቀባውን ሙጫ) አታብዢ፣ ድምፁን ሸካራ ያደርገዋል፣ ስልክ ደግሞ ሸካራ ድምፅ ያጋንናል።

የቀረጻውን ቀን ልንገርሽ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሺ። አንድ ቀን ባኽና ኤቲውድ፣ ሌላ ቀን ሞዛርት። ለአንድ ስራ ከሶስት አራት ጊዜ በላይ አትቅረጪ፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው እየባሰ ነው የሚሄደው፣ እጅ ይደክማል ጆሮ ይደነዝዛል ልብ ይናደዳል። መሀል ላይ ብትስቺ አታቁሚ እስከ መጨረሻ ሂጂ፣ አስራ አምስት ጊዜ የመጀመሪያውን ገፅ ብቻ እየጀመሩ ማቆም ሰውነትን የሚያስተምረው ማቆምን ነው። የጨረሽውን በዛኑ ቀን አትምረጪ፣ በነጋታው ቪዲዮውን ሳታዪ በድምፅ ብቻ ስሚው፣ ከዛ ለመምህርሽ ሁለቱን የተሻሉ ላኪለት።

ምርጫው ላይ ይሄን ስሚኝ፦ አንድ ኖታ ያልጠራበት ግን ሀረጉ የሚተነፍስ ቀረጻና ሁሉም ኖታ የጠራ ግን እየፈራሽ የተጫወትሽበት ቀረጻ ካሉሽ የመጀመሪያውን ላኪ። ዳኛ ብዙ ሰው ነው የሚሰማው፣ አንድ የሳተች ኖታ ያልፋታል፣ ፍርሀትን ግን ከመጀመሪያው መስመር ይለየዋል። ስለዚ የእያንዳንዱን ስራ መክፈቻ ለብቻው አጥኚው፣ ቦውውን ክሩ ላይ አሳርፈሽ፣ ምቱን በውስጥሽ ሁለት ባር ቆጥረሽ፣ ተንፍሰሽ ግቢ። ስትጨርሺም ቦውውን አውርደሽ ሮጠሽ ወደ ስልኩ አትሂጂ፣ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ እስኪያልቅ ቁሚ።

ቫዮሊን_ባህርዳር

የአልቶ ፈተና ጥሩ ነው ተቀብያለሁ፣ አዳጆው በቀዝቃዛ እጅ ከቆመ አዳጆውን ላኪ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ የጂ ማይነሩን ሶናታ ባኽ በ1720 በእጁ የጻፈው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ አውርጂና ቦዊንጉን (የቦውውን አካሄድ) ከታተመው ጋር አስተያዪው፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ፍላት (ኖታ ዝቅ ማድረጊያ ምልክት) አንድ ብቻ ነው ሁለተኛውን በየቦታው ነው የሚጽፈው፣ እንዳትደነግጪ። ሊጋቸሮቹ (ኖታዎችን በአንድ ቦው የሚያያይዙት ቅስቶች) እንዴት እንደሚጎተቱ ስታዪ ሀረጉ ወዴት እንደሚሄድ ይገባሻል፣ እኔ ለተማሪዎቼ ከማንኛውም ማብራሪያ በፊት የማሳያቸው እሱን ገፅ ነው።

ድምፅ_ፍኖተሰላም

ስለ መላክ ሳልናገር ቀርቼ ነበር። በ1080 የተቀረፀ ቪዲዮ በደቂቃ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው የሚይዘው ስለዚ ስልኩ ላይ ቦታ አስለቅቂ፣ አጎትሽ ፎቶዎቹን ወደ ፍላሽ ያውርድ። ለመምህርሽ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፣ እንደ ቪዲዮ ከላክሽው ይጨምቀዋል መምህርሽም የተጎዳ ድምፅ ነው የሚሰማው። ዩቲዩብ ላይ ጫኚ ካሉሽ "አንሊስትድ" የሚለውን ነው የምትመርጪው፣ "ፕራይቬት" ካደረግሽው ዳኞቹ መክፈት አይችሉም። ሰአቱ ደግሞ፣ ኖቬምበር 15 ዘንድሮ ኅዳር 6 ቁስቋም ናት፣ የነሱ 23:59 ማለት በኛ ለኅዳር 7 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰአት ከ59 ነው። እስከዛ አትጠብቂ፣ ኔት ጠፍቶ ቢያድርስ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ይጫን።

ቲቲ_ማርቆስ

ታላላቆቼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። የቀዝቃዛ እጁን ፈተና ሳደርገው አዳጆው እኔ ከጠበቅኩት በላይ ቆሞ ተገኘ፣ መምህሬም ሰምቶ አዳጆና ፕሬስቶ ይሁን ብሏል። ክሮይትዘር ደብል ስቶፕ ያለበትን እያጠናሁ ነው። ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጽፌ መልሰውልኛል፦ ኮንቸርቶው ለመጀመሪያው ዙር ያለ ፒያኖ ይቻላል፣ ካዴንዛው ግን መካተት አለበት፣ የባኽ ሪፒት አያስፈልግም። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አዳራሹን ማክሰኞና ሀሙስ ጠዋት ፈቅደውልኛል፣ ጋቢ ከአክስቶቼ እየሰበሰብኩ ነው። ትናንት ጎረቤት ቡና ላይ ፕሬስቶውን ተጫወትኩ፣ እማማ "ምነው ልጄ እንዲህ አስቸኮለሽ" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው ቴምፖውን ዝቅ አድርጌዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ እድሜ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፣ ያለኝ የልደት ሰርተፊኬት ነው፣ ፓስፖርት የለኝም። የተወለድኩበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ ቢላክ ችግር አለው?

አልቶ_ዳንግላ

ጎሽ የኔ ቆንጆ። ሰርተፊኬቱን በደንብ አንብቢው፣ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ እሱኑ ስካን አድርጊ ይበቃል። በኛ ብቻ ከሆነ ግን እንደዛው እንዳትልኪው፣ አመቱን እንዳለ ካነበቡት በሰባት በስምንት አመት ትልቅ ነው የምትሆኚባቸው፣ ከእድሜ ገደቡ ውጪ ትሆኛለሽ። ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ወስደሽ በእንግሊዝኛ አስተርጉሚና ቀኑን በፈረንጅ ቀይረው ማህተም ያድርጉበት፣ ዋናውንና ትርጉሙን አንድ ላይ አድርገሽ ላኪ። ፎርሙ ላይ የምትሞዪው ቀንና ስምሽ ደግሞ ከትርጉሙ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ይሄን ዛሬ ነገ ሳትዪ ከቀረጻው በፊት ጨርሺው፣ ቢሮ ሰልፍ ምናምን አለ፣ የቀረጻ ሳምንት በዛ ጉዳይ መመላለስ የለብሽም።